የድመታችሁን ጸጉር ሶፋው ላይ አትጠብቁት

ዛሬ ጠዋት ድንቡሼን አበጥሬ ስጨርስ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ጸጉር ሰብስቤ ጠቀለልኩት፣ የእንቁላል ያህል ሆነ። ትናንት አበጥሬያታለሁ፣ ከትናንት ወዲያም አበጥሬያታለሁ፣ ነገም የዚህኑ ያህል ይወጣል። ድሮ ቢሆን "ይቺ ድመት ታማለች እንዴ" ብዬ እጨነቅ ነበር። አሁን ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ አልደነግጥም፣ ግን እዚህ ለመድረስ ሶስት አመት ፈጅቶብኛል፣ መሀል ላይ ደሞ ባለማወቄ ክፉኛ አሳምሜያታለሁ። ይሄን ምጽፈውም ለዛ ነው። ድመቱ ጸጉር ምታራግፍበት ሰው መጀመሪያ ሚያስበው ስለ ሶፋው፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ አልጋው ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ ማበጠሪያ የገዛሁት እንኳ ለሶፋው አዝኜ ነው።

ድንቡሼ ግራጫ ናት፣ ጸጉሯ ረጅም፣ አንገቷ ዙሪያ ሻርፕ የጠመጠመች ሚያስመስላት፣ ጭራዋ ደሞ ሙሉ። ስሙን ያወጣሁላት ገና ግልገል ሆና ስትመጣ ክብ ብላ ስለነበር ነው፣ ኋላ አንድ ቀን በስብሳ ሳያት ግን ግማሹ ክብነት ጸጉር ኖሯል፣ ከስሩ ያለችው ድመት ቀጭን ናት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ጸጉራም ድመት ላይ ከስር ያለው ነገር አይታይም፣ ውፍረቱም፣ ክሳቱም፣ ቁስሉም።

የድመት ጸጉር ሲያዩት አንድ አይነት ይመስላል እንጂ አይደለም። ጀርባዋ ላይ በጣታችሁ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለው አለ፣ ቀለሟን ምታዩት በሱ ነው፣ ውሀና ቆሻሻ ቶሎ ወደ ቆዳዋ እንዳይገባ ሚከላከለውም እሱ። ከስሩ ደሞ አጭር፣ ቀጭን፣ እንደ ጥጥ ሚለሰልስ፣ ሙቀት ሚይዝላት ጸጉር አለ። አየር ላይ ሚንሳፈፈው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ተሰብስቦ ምታገኙት በአብዛኛው ይሄ የውስጡ ነው። እያንዳንዷ ጸጉር ታድጋለች፣ ከዛ ማደግ ታቆማለች፣ ትንሽ ቆይታ ትወድቅና በቦታዋ ሌላ ይበቅላል። ይሄን በዋናነት ሚመራው ብርሀን ነው፣ የቀኑ ርዝመት ማለት ነው። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ የብርዱን ጊዜ ወፍራም ጸጉር ታራግፋለች፣ ቀኑ ሲያጥር ደሞ ለብርዱ ሚሆናትን ማብቀል ትጀምራለች፣ ለዚህ ነው ብዙ ድመቶች ላይ በአመት ሁለቴ ሚብሰው። ቤት ውስጥ ብቻ ምትኖር ድመት ግን ማታም መብራት እየበራላት፣ ሙቀቱም ብዙ ሳይለዋወጥባት ሰውነቷ ወቅቱን በደንብ አይለየውም፣ ስለዚህ አመቱን ሙሉ ታራግፋለች። የኔዋ እንደዚህ ናት። እና "መች ነው ሚያቆመው" ለምትሉኝ፣ አያቆምም፣ ጤነኛ ድመት ጸጉር ታራግፋለች፣ በቃ።

እኔን ነገሩን በሌላ አይን እንዳየው ያደረገኝ ምላሷ ነው። እጃችሁን ልሳችሁ ምታውቅ ከሆነ እንደ ሞረድ እንደሚሻክር ታውቃላችሁ። ምላሷ ላይ በመቶ ሚቆጠሩ ትንንሽ መንጠቆዎች አሉ፣ ጥፍር ከተሰራበት ከዛው ከኬራቲን የተሰሩ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው ደሞ የመንጠቆዎቹ ጫፍ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ምራቅ ይቀዳና ጸጉሯን ሰንጥቆ ቆዳዋ ድረስ ያደርስላታል። የሚደንቅ ነገር ነው። ችግሩ መንጠቆዎቹ ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ ዞረው ነው የተተከሉት፣ ስለዚህ ራሷን ስትልስ የተነቀለውን ጸጉር መልሳ መትፋት አትችልም፣ ትውጠዋለች። አብዛኛው ከሰገራዋ ጋር ይወጣል፣ አንዳንዴ ደሞ ሆዷ ውስጥ ይጠቀለልና ትተፋዋለች። ሄርቦል ሚሉት እሱ ነው፣ ቦል ይባል እንጂ ሲወጣ ክብ አይደለም፣ በጠባቡ ጉሮሮ ስለሚያልፍ እንደ ጣት ሞለል ብሎ ነው ሚወጣው። አልፎ አልፎ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ግን ደጋግማ ልትተፋ እየታገለች ምንም ካልወጣላት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ሰገራ ከቆመባት፣ ድብት ካላት፣ ነገ አያለሁ አትበሉ፣ የዛኑ ቀን ሀኪም ጋ ውሰዷት፣ ጸጉር አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

አያችሁ፣ ያ ማበጠሪያው ላይ ያለው የእንቁላል ያህል ጸጉር ዛሬ ከማበጠሪያው ጋ ባይወጣ ገሚሱ ሶፋው ላይ ነበር፣ ገሚሱ ደሞ እሷ ሆድ ውስጥ ነበር። ይሄ ሲገባኝ ነው ማበጠር የቤት ጽዳት መሆኑ ቀርቶ የሷ ጉዳይ የሆነብኝ።

አሁን ወዳሳመምኳት ነገር ልምጣ። ያኔ ማበጠር ማለት ለኔ ጀርባዋን ላይ ላዩን መጥረግ ነበር፣ በሳምንት አንዴ፣ ትዝ ሲለኝ። ጀርባዋ ያምራል፣ ያበራል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አበቃሁ። አንድ ቀን ጭኔ ላይ ተኝታ ከፊት እግሯ ስር፣ ብብቷ ውስጥ ስነካት ጠንካራ ነገር አገኘሁ፣ ደነገጥኩ፣ እብጠት መስሎኝ። ገልጬ ሳየው ጸጉር ነው፣ ተጠላልፎ፣ ተደድሮ፣ እንደ ለበድ ሆኖ ከቆዳዋ ጋ ልጥፍ ያለ፣ የአውራ ጣቴን ያክላል። ልፈታው ሞከርኩ፣ ጮኸች። እና መቀስ አመጣሁ። ቀስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ ነው፣ እውነት ነው ምላችሁ። ቋጠሮውን ሳብ አድርጌ ከስሩ በመቀሱ ቆረጥኩት። ድምጿን እስካሁን አልረሳውም። አምልጣ ከአልጋ ስር ገባች፣ እጄ ላይ የቀረውን ቋጠሮ ሳየው ጠርዙ ላይ ደም አለው። ቋጠሮውን ስስበው ቆዳዋ አብሮ እንደ ድንኳን ተነስቶ ኖሯል፣ የቆረጥኩት ጸጉሩንና ቆዳዋን አንድ ላይ ነው።

የእንስሳት ሀኪሙ ዘንድ በፎጣ ጠቅልዬ ሳደርሳት እያለቀስኩ ነበር። ትልቅ ሰውዬ ናቸው፣ ምንም አልተቆጡኝም። "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፣ በመቀስ ተቆርጠው ሚመጡ ብዙ አያለሁ" አሉኝ። ሶስት ቦታ ሰፉላት። ከዛ የሌላኛውን ብብቷን ጸጉር ከፍለው አሳዩኝ፣ እዛም ሌላ ቋጠሮ አለ፣ እኔ ያላየሁት፣ እሳቸው በጸጉር መላጫ ማሽን ቀስ ብለው ሲያነሱት ከስሩ ቆዳዋ ቀልቷል፣ ረጥቧል። "እግሯን ባነሳች ቁጥር ይሄ ቆዳዋን ይጎትታታል፣ አንድ ሰው ጸጉርሽን ጨብጦ ቀኑን ሙሉ ሲስብሽ አስቢው" አሉኝ። ለካ ያን ሰሞን መዝለል የቀነሰችው፣ ሲያነሷት ምታኮርፈው ለዚህ ነበር። እኔ ጸባይዋ ተቀየረ እያልኩ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምለምናችሁ፣ ቋጠሮ በመቀስ አትቁረጡ። የድመት ቆዳ በጣም ስስ ነው፣ ልልም ነው፣ ከጸጉሩ ጋ ተስቦ ሲመጣ በአይን አይለይም። ትንሽ ቋጠሮ ከሆነ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስነስ አድርጋችሁ በጣታችሁ እሹት፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዛ በአንድ እጅ የጸጉሩን ስር ቆዳው ጋ ጨበጥ አድርጋችሁ፣ ቆዳዋ እንዳይጎተት ማለት ነው፣ በሌላው እጅ ከጫፉ ጀምራችሁ ትንሽ ትንሽ እየፈታችሁ ወደ ስሩ ግቡ። ከስር ከጀመራችሁ ይብሱኑ ይጠብቃል። አንዴ ካልተፈታ ተዉት፣ ማታ እንደገና። እንደ ለበድ ከሆነ ግን አትታገሉ፣ ማሽን ያለው ሀኪም ወይ የሰለጠነ አበጣሪ ያንሳው። ደሞ አጥቤ ላለስልሰው አትበሉ፣ ቋጠሮ ያለበት ጸጉር ሲረጥብና ሲደርቅ ጭምድድ ብሎ ይጠብቃል፣ መጀመሪያ መፍታት ነው፣ ውሀው ኋላ።

ቋጠሮ ሚወደው ቦታ ሁሌ አንድ ነው፣ ጸጉር ከጸጉር ሚፋተግበት። ብብቷ፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ብሽሽቷ፣ ሆዷ፣ የጭራዋ ስር፣ አንገት ላይ ማሰሪያ ካላት ደሞ ከማሰሪያው ስር። ጀርባዋ ብቻ ሚበጠር ድመት ማለት ማይታይበት ቦታ ሁሉ ተረስቷል ማለት ነው።

እንዴት ነው ምታበጥሪያት ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ሰአቱ ነው። ድንቡሼን በልታ፣ ተጫውታ፣ ደክሟት ጋደም ስትል ነው ምይዛት፣ መያዝም አልለውም፣ አጠገቧ ቁጭ ነው ምለው። ተከትዬ ሄጄ፣ ከተደበቀችበት ስቤ አበጥሬያት አላውቅም፣ ከዛ ቁስል በኋላ ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ማበጠሪያ ስታይ ትሸሽ ነበር። ያን ፍርሀት ለማስለቀቅ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ማበጠሪያውን ምትተኛበት አጠገብ አስቀምጬ ዝም፣ አሽትታው እስክትተወው። ከዛ በጀርባው፣ ጥርስ በሌለው በኩል ጉንጯን ዳሰስ። ከዛ አንዴ ሁለቴ ማበጠርና ምትወደውን ነገር ማቅመስ፣ አበቃ። ሰላሳ ሰከንድ አይሞላም። አሁን አምስት ደቂቃ ድረስ ትፈቅዳለች፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ ግን እሷ ይብቃኝ ከማለቷ በፊት ማቆም እወዳለሁ።

ይብቃኝ ምትልበት ቋንቋ አላት። ጭራዋ ጫፉ ላይ ከወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ይተኛል፣ የጀርባዋ ቆዳ ብቻውን ሽምቅቅ ሽምቅቅ ይላል፣ ጭንቅላቷን ዞር አድርጋ እጄን ታየዋለች። ሰው "ድመቴ ድንገት ነከሰችኝ" ሲል እሰማለሁ፣ ድንገት አይደለም እኮ፣ ቀድማ ነግራችኋለች። "ጉርርር" ማለቷን ብቻ ይዛችሁ እየተመቻት ነው አትበሉ፣ ሲጨንቃቸውም ሲያማቸውም ጉርርር ይላሉ።

ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው፣ ግድ እንደኔ አድርጉ አይደለም። ከጉንጯና ከአገጯ ስር እጀምራለሁ፣ ራሷ ሰው ላይ ምታሻሸው ቦታ ስለሆነ ሲነካ ደስ ይላታል፣ ጢሟን ግን እንዳልነካ እጠነቀቃለሁ። ከዛ አንገቷ፣ ጀርባዋ፣ ጎኗ፣ ሁሌም ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ መጀመሪያ፣ ምንም ሳይዘው ካለፈ ጥርሱ ጠበቅ ወዳለው እቀይራለሁ። ላይ ላዩን ማንሸራተት አይጠቅምም፣ ጸጉሩን በእጄ ወደ ላይ ገልበጥ አድርጌ ከስር በኩል ትንሽ ትንሹን እየለቀቅኩ ነው ማበጥረው፣ የቆዳዋን መስመር እያየሁ። ሆዷን መጨረሻ፣ እሷ በጎኗ ስትተኛ ብቻ። ሆድ ለድመት ሞት ያለበት ቦታ ነው፣ ስታሳያችሁ ንኩኝ ማለቷ ላይሆን ይችላል።

እቃውን በተመለከተ ብዙ ገዝቻለሁ፣ ለዘወትሩ ሁለት አይነት ይበቃኛል። የብረት ማበጠሪያና የላስቲክ ብሩሽ። ጸጉረ አጭር ድመት ላላችሁ የላስቲኩ ብቻውን ብዙውን ይሰራል፣ የማሳጅ ያህል ስለሆነ ብዙ ድመቶች ይወዱታል። ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽም ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ የራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት፣ እናንተን ከቧጨረ እሷን ከዛ በላይ ነው። ምላጭ መሳይ ጥርስ ያለው፣ አንዴ ስትስቡት ክምር ጸጉር ሚያወጣው ደሞ አለ፣ ውጤቱን አይቼ ፍቅር ይዞኝ ነበር። ግን የሞተውንም ያልሞተውንም እኩል ሊቆርጠው ይችላል፣ አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ቆዳዋን ያቀላል። ክፉኛ ምታራግፍበት ሰሞን በሳምንት አንዴ፣ ቀለል አድርጌ፣ ከዛ በላይ አላወጣውም።

መላጨትስ ሚለኝ አለ። የህክምና ምክንያት ከሌለ አላደርገውም። ጸጉሯ ከብርድም ከጸሀይም ይጠብቃታል፣ ሲላጭም መርገፉ አይቀርም፣ አጭር ሆኖ ይረግፋል እንጂ። ማጠብም ቢሆን ራሷን በደንብ ምትልስ ድመት ብዙም አያስፈልጋትም። የግድ ሲሆን ለድመት የተሰራ ሻምፖ ብቻ፣ የኛ ሻምፖ ለቆዳዋ አይስማማም፣ በዛ ላይ ቀሪውን ትልሰዋለች። ሽታው ደስ ሚለውን ዘይት ነገር፣ በተለይ ቲትሪ ሚባለውን፣ በጭራሽ። ለውሻ የተሰራ የቁንጫ መድሀኒትም እንደዛው፣ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ድመትን ይገድላል፣ ይሄን ሁሉም ድመት ያለው ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ሁሉም መርገፍ ጤና ነው ማለቴ ደሞ አይደለም። ጸጉሩ እኩል ከሳሳ፣ ከስሩ አዲስ እየበቀለ ከሆነ፣ ቆዳው ንጹህ ከሆነ ጥሩ ነው። ቦታ ለይቶ መላጣ ከሆነ፣ ቅርፊት ወይ መቅላት ካለ፣ አንድ ቦታ እየደጋገመች ምትልስ ምትነክስ ከሆነ፣ ወይ እየበላች ምትከሳ ከሆነ ግን ማበጠሪያ አይፈታውም፣ ቁንጫ፣ ፈንገስ፣ አለርጂ፣ የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። ቁንጫውን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ማበጠሪያው ላይ ጥቋቁር ብናኝ ካገኛችሁ ነጭ ወረቀት አርጥባችሁ እላዩ ላይ አራግፉት፣ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡኒ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀዩ የተፈጨ ደም ነው፣ ተራ አፈር ከሆነ ግን አፈር ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ደሞ፣ የወፈረች ድመትና ያረጀች ድመት። የወፈረችው ወገቧ ላይ መድረስ ያቅታታል፣ ያረጀችውን መገጣጠሚያዋ ያማታል፣ ሁለቱም መላስ ይቀንሳሉ። ድንቡሼ አምና ወፍራ ነበር፣ የታችኛው ጀርባዋ ላይ ፎሮፎር መሳይ ነገር አይቼ ነው የነቃሁት፣ ክብደቷን ስትቀንስ ራሷ እየላሰች አስተካከለችው። ድመታችሁ ራሷን ማጽዳት ካቆመች ሰነፍ ሆነች አትበሉ፣ ምን ከለከላት በሉ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ጸጉር ፕሮቲን ነው፣ ድመት ስጋ በል ናት፣ ጥሩ ፕሮቲን ካላገኘች መጀመሪያ ሚታየው ጸጉሯ ላይ ነው። የአሳ ዘይት ሚጨምሩ አሉ፣ መጠኑን ግን ሀኪማችሁን ጠይቁ። ለቤቱ ደሞ የላስቲክ ጓንት አርጥባችሁ ሶፋውን በአንድ አቅጣጫ ጥረጉት፣ ጸጉሩ እየተጠቀለለ ይመጣል። ብርድ ልብሱን ሳታራግፉ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱ፣ ሲረጥብ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል።

ታናሽ እህቴ ድመት ያስነጥሳታል። ብዙ ሰው ጸጉሩ ነው ይላል፣ ዋናው ግን ምራቋና ቆዳዋ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ስትልስ ጸጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ጸጉሩ ደሞ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ስለዚህ እህቴ ከመምጣቷ በፊት መስኮት ከፍቼ አበጥራታለሁ፣ ጸጉሩን ወዲያው አስሬ እጥላለሁ፣ እሷ ግን ማበጠሪያውን በእጇ እንድትነካው አልፈቅድላትም።

ያ የተሰፋው ቦታ ድኗል። ጸጉሩ መልሶ ሲበቅል ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው፣ ግራጫው መሀል የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነጠብጣብ አለች፣ ብብቷን ለሚያውቅ ብቻ ምትታይ። እዛ ስደርስ ማበጠሪያውን አስቀምጬ በጣቴ ነው ምፈትሸው፣ በየቀኑ፣ ቋጠሮ መጀመሩን ለማየት። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ሲጠጋ እግሯን ትሰበስብ ነበር፣ ቆይቶ ደሞ ዝም ብላ ታየኝ ጀመር። ዛሬ ጠዋት በጎኗ ተኝታ ሳለ ጣቴ ሳይደርስ በፊት የፊት እግሯን ራሷ ዘረጋችልኝና አይኗን ጨፈነች።